ሕብለ ሰረሰር ከተጎዳ በኋላ፦ በድሬዳዋ ተሃድሶ እንዴት ይጀመራል?

በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተገለበጠ መኪና ተሳፋሪ፣ ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ ባጃጅ የገጨው ተማሪ። አደጋው ይለያያል እንጂ ሐኪሙ «ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል» ባለ ጊዜ ከቤተሰብ አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይራመዳል ወይ?»

መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሐኪም የለም። ቤተሰብ መልሱን ሲጠብቅ ቆዳ ይቆስላል፣ ሽንት ይታፈናል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ሳንባ በአክታ ይሞላል። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳን ሰው ለሞት የሚያበቁት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ችግሮች ናቸው፤ የእግር አለመንቀሳቀስ ብቻውን ማንንም አይገድልም። ስለዚህ ተሃድሶ የሚጀመረው የመራመዱ ነገር ገና ሳይታወቅ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አልጋ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ በድሬዳዋ ሙቀትና ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል።

አበበ ቢቂላ ምን ዓይነት ሕክምና አገኘ?

በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠችበት። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ።

ያን ሆስፒታል ያስጠሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍሉን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከእርሳቸው በፊት እንዲህ የተጎዳ ወታደር ብዙ ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን አዲስ መድኃኒት አልፈጠሩም። በሽተኛው ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ፊኛው በንጽሕና እንዲለቀቅ፣ ቶሎ እንዲቀመጥ፣ እጁን እንዲያሠራ፣ ሙያ እንዲማርና ስፖርት እንዲሠራ አዘዙ፤ ትእዛዙም መፈጸሙን ራሳቸው እየዞሩ ይቆጣጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1948 በሆስፒታሉ ሜዳ 16 ተወዳዳሪዎችን ይዘው የጀመሩት የቀስት ውድድር ኋላ ፓራሊምፒክን ወለደ።

አበበ በዚያ ሕክምና የእጆቹን እንቅስቃሴ መልሶ አገኘ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ አልተራመደም።

በዚያ ዘመን በሙያው የዓለም ቁንጮ የነበረው ሆስፒታል፣ በዓለም ምርጥ ሯጭ በነበረ ሰው አካል ላይ የቻለውን ሁሉ አድርጎ ያስገኘው ውጤት ይህ ነው። ተሃድሶን «ተራመደ ወይስ አልተራመደ» ብለን ብቻ ከለካነው፣ ለአበበ የተደረገለትን ሁሉ ከንቱ እንለዋለን። እርሱ ግን ከአንገት በታች ከመታሰር ወጥቶ ቀስት የሚገትር ሰው ሆኗል።

የተጎዳው ምንድን ነው?

አከርካሪ ራሱ አጥንት ነው፤ የተጎዳው ግን በውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር ነው። ሕብለ ሰረሰር በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ከአንጎል እስከ ወገብ መጀመሪያ የሚወርድ ለስላሳ የነርቭ ገመድ ነው፤ በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡበታል። ጉዳቱን በባቡር ሐዲድ መመሰል ይቻላል፦ መሐል ላይ ሐዲዱ ቢበጠስ ሁለቱም ጣቢያዎች ደህና ናቸው፤ ባቡሩ ግን አያልፍም። አንጎሉም እግሩም ጤነኛ ሆነው የማይገናኙት ለዚህ ነው። እግር ብቻ ሳይሆን ፊኛ፣ አንጀት፣ ላብ፣ የደም ግፊትም ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት በዚሁ መሥመር ነው።

ተስፋን የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጉዳቱ ከፍታ ነው። አንገት ላይ ከሆነ እጅም እግርም ይነካል፤ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ትንፋሽን ያስቸግራል። ደረት ላይ ከሆነ እጆች ሙሉ ናቸው። ሁለተኛው ጉዳቱ ሙሉ ወይም ከፊል መሆኑ ነው። ሐኪሙ በፊንጢጣ ዙሪያ ስሜትና መጨበጥ መኖሩን የሚመረምረው ለዚህ ነው፤ እዚያ ጥቂት ስሜት ከተገኘ ጉዳቱ ከፊል ነው፣ የመሻሻል ዕድሉም ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሕብለ ሰረሰሩ በድንጋጤ ስለሚደነዝዝ ምርመራው መደጋገም አለበት። መሻሻሉ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዓመት በኋላ ይዘገያል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋም።

አደጋ ሳይደርስም እግር ሊያዝ ይችላል። በአገራችን አንዱ ትልቅ ምክንያት የአከርካሪ ቲቢ ነው። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከመክሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ጀርባ ላይ ጉብታ ከታየ፣ እግር ከመድከሙ በፊት መመርመር ይገባል። ቲቢው በመድኃኒት ይድናል፤ ቶሎ ከተጀመረ የእግር ድካሙም ሊለቅ ይችላል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

አደጋ ቦታ ላይ የሚደርሰው ሰው ልቡ ቅን ነው፤ ጉዳተኛውን በብብቱ አንሥቶ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ችግሩ ያ መታጠፍ በከፊል የተጎዳውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ሊያበላሸው መቻሉ ነው። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመው፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ አይቀመጥ፣ አይታጠፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። መንቀሳቀሱ ግድ ከሆነ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች እንደ አንድ አካል እኩል ያንከባልሉትና በሰሌዳ ወይም በተነቀለ በር ላይ ያጋድሙት፤ በጭነት መኪና ወለል ተንጋሎ መሄድ በባጃጅ ተቀምጦ ከመሄድ ይሻላል።

ወጌሻ ለወለምታ ብዙ ሰው ረድቶ ይሆናል። የአከርካሪ አጥንት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም፣ አይጠመዘዝም።

ከዚያ ሆስፒታል ነው፤ በከተማው ድልጮራ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ ሐረር ደግሞ ሕይወት ፋና። ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክም አለ። ቀዶ ሕክምናው የተሰበረውን አጥንት በብረት ያጸናል፣ ገመዱን የተጫነውን ስባሪ ያነሣል፤ የተጎዳውን ነርቭ አይጠግንም። «ኦፕራሲዮን ተደርጎ ለምን አልተነሣም?» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የሚመጣው ይህ አስቀድሞ ስለማይነገር ነው። የቀዶ ሕክምናው ጥቅም አከርካሪው ጸንቶ ጉዳተኛው ቶሎ እንዲቀመጥና ተሃድሶ እንዲጀምር ማስቻሉ ነው።

ቆዳ፣ ፊኛ፣ አንጀት

ቆዳ፦ ደህና ሰው ተኝቶም ሳያውቀው ይገላበጣል። ስሜት የሌለው አካል ግን በአንድ ጎን ተጭኖ ደሙ ይቋረጥና በጥቂት ሰዓታት ሥጋው መሞት ይጀምራል። ስለዚህ አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ዊልቸር ላይ በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት በማጎንበስ ወይም በእጅ ተደግፎ በመነሣት መቀመጫን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ መቀመጫና ተረከዝ በዓይን ይታዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል መጥቆሩን፣ መሞቁን ወይም መጠንከሩን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይበልጣል። ምልክት ከታየ በዚያ ጎን መተኛት ይቁም። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ደምን ስለሚያግድ አይጠቅምም።

የድሬዳዋ ፀሐይ እዚህ ላይ የራሷን አደጋ ትጨምራለች። በፀሐይ የቆመ ባጃጅ ወንበር፣ የጋለ የዊልቸር ብረት፣ ባዶ እግር የሚያርፍበት አስፋልት ሳይሰማ ያቃጥላል፤ ከመቀመጥ በፊት ስሜት ባለው እጅ ይነካ። ላብ ያራሰው አንሶላም ቆዳን ያላላዋል፤ ስለዚህ ጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ቶሎ ይቀየር። ጉዳቱ ከደረት በላይ የሆነ ሰው ከጉዳቱ በታች ስለማያልበው ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ለእርሱ ጥላ፣ ማራገቢያና እርጥብ ጨርቅ የሕክምናው ክፍል ናቸው።

ፊኛ፦ ፊኛው ሞልቶ ሲቀር ሽንት ወደ ኩላሊት ይመለሳል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) አስገብቶ ሽንቱን አስወጥቶ ካቴተሩን ማውጣት ነው። ነርስ ካስተማረ በኋላ እጁ የሚሠራ ሰው በንጹሕ እጅ ራሱ ያደርገዋል። ካቴተር እንዳይደጋገም ብሎ ውኃ መጠጣት መቀነስ በዚህ ከተማ ሙቀት ለጠጠርና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ውኃው ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ይጠጣ።

ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ወባም ደንጊም የሚታይባት ከተማ በመሆኗ ሰው ሁሉ ወዲያው ወባ ነው ይላል። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሲያተኩሰው የደምም የሽንትም ምርመራ ይደረግለት፣ ቆዳውም ይታይ።

አንጀት፦ አንጀት ሰዓት ይለምዳል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መቀመጥ ይጀመር፤ ውኃ፣ አትክልትና ፓፓያ ያግዛሉ። የእጅ እርዳታ ካስፈለገ እንደ ጉዳቱ ከፍታ ስልቱ ይለያያልና ከባለሙያ ይማሩት። ሰዓቱ ከተለመደ በኋላ «ሰው ፊት ያመልጠኛል» የሚለው ፍርሃት ይለቃል፤ ብዙ ሰው ከቤት መውጣት የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አጣዳፊ ምልክት አለ፦ ድንገት የሚመጣ ከባድ የራስ ምታት፣ ፊት መቅላትና ማላብ፣ የደም ግፊት በኃይል መውጣት። ወዲያው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀበቶና ጫማ ማላላት፣ ካቴተሩ መታጠፉን ወይም ፊኛው መሙላቱን ማየት፤ ካልተሻለው በፍጥነት ሆስፒታል መውሰድ።

ጠንከር ያለ ተሃድሶ ሲባል

በውጭ አገር ማዕከላት ጠንካራ የሚባለው ተሃድሶ በቀን ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ነው። በሰዓት ብዛት ብቻ ግን አይለካም። ግቡ ለእያንዳንዱ ሰው በጉዳቱ ከፍታ ይወሰናል። ክርኑን ማጠፍ ብቻ የቀረለት ሰው እጀታው በተስተካከለ ማንኪያ መብላትን ይማራል። የእጅ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት የቻለ ዕቃ መያዝን፤ ክርኑን መዘርጋት የቻለ ደግሞ ራሱን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማሸጋገርን ይማራል። እጆቹ ሙሉ የሆኑለት ከመልበስ እስከ መታጠብ በራሱ ሊችል ይችላል። ጉዳቱ ወገብ ላይ የሆነ ወይም ከፊል የሆነ ሰው በብሬስና በክራንች መራመድን ሊሞክር ይችላል።

ማወቅ ያለብንን ሳናውቅ በፍቅር የምናበላሸው ነገርም አለ። አንጓውን ማንሣት የሚችል፣ ጣቶቹ ግን የማይሠሩለት ሰው፣ አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሣ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ በዚያ መጠነኛ መታጠፍ ብርጭቆ ይይዛል። ቤተሰብ «ጣቱ እንዳይደርቅ» ብሎ አንጓውንም ጣቶቹንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ዘርግቶ በየቀኑ ካሻቸው ያ መያዣ ይጠፋል። መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ በየቀኑ የግድ ነው፤ የትኛው፣ እስከ የት እንደሆነ ግን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እጅ ይማሩት፤ ቢቻል በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹት።

ቤት ውስጥ ያለው መርሐ ግብር ሙቀቱን ያገናዝብ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ የትከሻና የክንድ ማጠንከሪያ፣ ቀስ በቀስ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ መሸጋገር። በቀትር እረፍትና የመቀመጫ ማሳረፍ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከቤት ወጥቶ ዊልቸር መንዳት። የከዚራ ሰፈር ሜዳማና ጥላ ያለው በመሆኑ ለዚህ ይመቻል፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ግን ትናንሽ የፊት ጎማዎችን ይውጣል። የሚያነሣውና የሚያሸጋግረው ቤተሰብም ወገቡን እንዳይጎዳ ትክክለኛ አነሣስ ይማር።

ስለ ውጭ ሕክምናም ግልጽ እንነጋገር። በጀርባ የሚቀበር የኤሌክትሪክ ማነቃቂያና የሚያራምዱ ሮቦቶች በምርምር ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል፤ ጥቂት የተጎዱ ሰዎችም በእገዛ ተራምደዋል። ይህ ግን ለሁሉም የሚሆን መደበኛ ሕክምና ገና አልሆነም። ሴል በመርፌ ሰጥተን እናስነሣለን የሚሉ ክሊኒኮች ደግሞ የሚጠይቁት ገንዘብ ብዙ ነው፤ ተስፋቸው በአስተማማኝ ጥናት አልጸናም። ቤት ሸጦ ከመሄድ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ እንደ እኔ ያለ ጉዳት ያለበት ሰው ከእናንተ ጋር ምን መሥራት ቻለ? በቀን ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እሠራለሁ? ከተመለስኩ በኋላ ማን ይከታተለኛል? ለዚህ መልስ የሌለው ማዕከል የቤት ዋጋ አይገባውም። ያው ገንዘብ ጥሩ ዊልቸር፣ ፍራሽ፣ የዓመት ካቴተርና የመጸዳጃ ቤት ማስተካከያ ሊሆን ይችላል።

እገዛ ከየት ይገኛል?

ከሆስፒታል ሳይወጡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ፤ ማገላበጥ፣ ካቴተር ማስገባትና ማሸጋገር ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ አባላት በእጃቸው ሠርተው አሳይተው ይውጡ። ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1962 በመናገሻ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን በመርዳት በኢትዮጵያ የጀመረ ድርጅት ሲሆን በድሬዳዋም በአካል ጉዳተኞች ሥራ የሚታወቅ ስም ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የአገራችንን የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ሲደግፍ ቆይቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ በካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ አጋርነት ደግሞ የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የሚያስተምሩ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀምሯል።

ዊልቸር ሲሰጥ «ዊልቸር ነው» ብሎ መቀበል አይበቃም። ከዳሌ ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ወይም የእግር መርገጫው ከፍና ዝቅ ካለ ወገብ ያጣምማል፣ መቀመጫ ያቆስላል። ትራሱ የዊልቸሩ አካል ነው፤ ያለ ትራስ አይረከቡ። በቤት ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 180 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ይመረጣል፤ መጸዳጃ ላይ የሚቆም መሐሉ ክፍት ወንበር የሠፈር ብየዳ ቤት ይሠራዋል።

ልብ፣ ትዳር፣ ሥራ

ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ቁጣ፣ ዝምታ፣ «ሸክም ሆንኩ» ማለት ይመጣል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ እንደ ሽንት ኢንፌክሽን ሁሉ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። ጠበልም፣ ዱዓም፣ ጸሎትም ከካቴተሩና ከማገላበጡ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቆምም። ከሁሉ በላይ የሚያጽናናው ዊልቸር ላይ ሆኖ ዓመታት የኖረ፣ የሚሠራና ልጆች የሚያሳድግ ሰው ቤት መጥቶ ሲያነጋግር ነው። ሕብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ሴት ማርገዝና መውለድ ትችላለች፤ ክትትሏ ግን በሆስፒታል ይሁን። ለወንዱም በዚህ ጉዳይ ሕክምና አለ፤ ባልና ሚስት አብረው ይጠይቁ።

ሕጉም ከጉዳተኞች ጎን ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሕክምና ወጪንና አስፈላጊ የአካል ድጋፍ መሣሪያዎችን እንዲችል ያስገድዳል። በተሽከርካሪ ለተጎዳ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ የፖሊስ ሪፖርቱና የሕክምና ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ። የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። በደንብ የሚኖሩትን ከማይኖሩት የሚለየው የጉዳቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የሚደረግላቸውና የሚያደርጉት ሥራም ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤቱ እንዲህ ያለ ጉዳተኛ የተኛበት ቤተሰብ በዚህ ሳምንት አራት ነገር ይጀምር፦ የማገላበጫ ሰዓት ግድግዳ ላይ ይጻፍ፣ ሽንቱ የሚወጣበት መርሐ ግብር ይያዝ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይፈለግ፣ ሕመምተኛው በሐኪም ፈቃድ ከአልጋ ወርዶ ይቀመጥ። መራመድ ከመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ እስኪመጣ ግን ሕይወቱ አይቁምበት።